የቤተሰብ ዓምድ፦ በሥዕል የሚከበር የልጆች ልደት

በአገራችን የልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በሻማ ሳይሆን በዘመን ምልክት ነበር። «አንበጣ በገባበት ዓመት ተወለደች»፣ «አባቱ ሲዘምት ገና ይድህ ነበር» ይባላል እንጂ ቀኑን ይዞ ድግስ የሚደግስ ጥቂት ነበር። ብዙው ሕዝብ በየዓመቱ በአደባባይ ሲከበር ያየው የነበረው የልደት ቀን እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሐምሌ 16 ቀን የሚውለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነበር። ዛሬ ግን የከተማ ልጅ ሁሉ ልደቱን ይጠብቃል። ነገሩ መልካም ሆኖ ሳለ ወጪው የወታደር ደመወዝ የሚችለው አልሆነም።

ባለቤቶቻቸው በግዳጅ ላይ ሳሉ በጅቡቲ ከተማ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ይህን ችግር ከማንም አብልጠው ያውቁታል። በዚያች የወደብ ከተማ ከዱቄቱ እስከ ፊኛው አብዛኛው ነገር ከውጭ ተጭኖ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው አይቀመስም። ጎረቤት ባለ ሦስት ደርብ ኬክ አቀረበ ተብሎ ብድር ውስጥ የሚገባም አለ። እኛ በዛሬው ዓምዳችን የምናቀርበው ሐሳብ ልጆቹ የተገዛ ጌጥ የሚያዩበት ሳይሆን ጌጡን ራሳቸው የሚሠሩበት ልደት ነው፤ ይኸውም ቤቱ ለአንድ ቀን የሥዕል ቤት ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም በቀር በጅቡቲ አንድ ግቢ ውስጥ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ የሚናገሩ ልጆች አብረው ይጫወታሉ። ለእነዚህ ሁሉ ተረት ለመንገር አስተርጓሚ ያሻል፤ ወረቀትና ቀለም ለመስጠት ግን አያሻም።

ቀኑን በሚመለከት አስቀድሞ መቈረጥ ያለበት ነገር አለ። መስከረም 1 ቀን የተወለደች ልጅ ልደቷ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ልጅቷ በትምህርት ቤቷ አንድ ቀን፣ በቤቷ ሌላ ቀን እየተነገራት ግራ እንዳትጋባ ከሁለቱ አንዱን መያዝ ይሻላል። አርብ በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል፤ ሆኖም እኩለ ቀን ላይ እስላም ጎረቤቶች ለጸሎት ይሄዳሉ፣ ክርስቲያን እናቶችም ይጾማሉና ቅቤና እንቁላል የገባበት ምግብ ሲቀርብ ጋባዧ ራሷ ሳትቀምስ ትውላለች። ሰዓቱንም በጥሪው ወረቀት ላይ በሚገባ ማስረዳት ያስፈልጋል። «በ11 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈለት የጅቡቲ ጎረቤት በእኛ አቆጣጠር ከጥዋቱ 5 ሰዓት ላይ ልጁን አልብሶ በሩ ላይ ይቆማል። «17 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ሁሉም ይግባባል። ሰዓቱ ራሱ ግን ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ልጆች መተንፈስ ይችላሉና። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት የበጋ ወራት ግን በግቢ ውስጥ ባይሞከር እንመክራለን።

ምን ይሣሉ? «የፈለጋችሁትን ሣሉ» የተባለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን አፍጥጦ ያያል። ስለዚህ አንድ ርእስ መስጠት ይጠቅማል፤ ርእሱም ከአገሩ ቢወሰድ ያምራል። በሰሜን ጅቡቲ ከታጁራ ባሻገር ባለው ተራራማ ምድር አቡርማ በተባለ ስፍራ የጥንት ሰዎች ጥቁሩን ድንጋይ በድንጋይ እየወቀሩ የሣሏቸው ቀጭኔዎች፣ ሰጎኖች፣ አጋዘኖችና ከብቶች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ዛሬ በዚያ አገር ቀጭኔ በዱር አይገኝም፤ ሥዕሉ ግን ምድሪቱ አንድ ጊዜ ሣርና ዛፍ እንደ ነበራት ይመሰክራል። በእኛም በኩል ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በለገ ኦዳ ከዐለት ሥር የተጠለሉ የከብትና የሰው ሥዕሎች አሉ። ይህ ታሪክ ለልጆቹ በአጭሩ ይነገራቸው። ከዚያም ከሱቅ የተለመነ የካርቶን ሣጥን ተዘርግቶ በግድግዳው ላይ በቁመታቸው ልክ ይቁም፤ ያም ዐለታቸው ይሆናል። ከሰል ይሰጣቸው። ቀጭኔ አይቶ የማያውቅ ልጅ የሚሥለው ቀጭኔ አንገቱ ከጣሪያው ቢደርስ አይታረም።

ከፍ ላሉት ልጆች ሌላ ሥራ እንጠቁማለን። አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍኑ በቀለም የደመቁ የመስታወት ሥዕሎች ሠርተዋል፤ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳዩ ናቸው። ልጆቹም ካርቶን በመቀስ ፈልፍለው በቀዳዳው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም የከረሜላ መጠቅለያ ቢለጥፉና በመስኮቱ ላይ ቢሰቅሉት የጅቡቲ ፀሐይ ቀሪውን ሥራ ትሠራለች። ለዚህ ሲባል መጠቅለያውን ከሳምንታት በፊት ማጠራቀም ነው።

ቀለም ከሱቅ ባይገዛም ማድ ቤት ውስጥ ሞልቷል። እርድ በውሃ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ፣ የተፈላ ቡና ቡናማ፣ ቀይ ሥር ሐምራዊ ቀለም ይሰጣሉ። በእርድ በተቀባ ወረቀት ላይ የዳቦ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ በጥጥ ቢነካ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ የካርካዴ ውሃ ደግሞ ሎሚ ሲገባበት ይቀላል፣ ሶዳ ሲገባበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ልጆች ይህን ሲያዩ ከኬኩ ይልቅ ለእርሱ ሲሻሙ ይታያል። በርበሬ ግን ቀለሙ ምንም ቢያምር ከገበታው ይራቅ፤ የልጅ እጅ ከወረቀቱ ወደ ዓይኑ የሚሄደው በቅጽበት ነውና። እርድም ልብስ ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅምና የአባት አሮጌ ሸሚዝ ከኋላ ተቈልፎ ቢለበስ መልካም ነው። የሰም ከለር የሚጠቀም ሰው በፀሐይ ላይ እንዳይተወው፤ ይለሰልስና ወረቀቱን ያጨማልቀዋል። ቬንቲላተር ለሚከፍቱም ወረቀቱን የሚጭን ጠጠር ወይም ከባሕር ዳር የተለቀመ ዛጎል ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ጉዳይ እንመጣለን። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር የተወለደው ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ሲያስጌጡ እያየ ነው ያደገው። የወታደር ልጅ ግን አባቱን በሥራው ላይ አያየውም፤ በልደቱም ቀን አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ለዚህ አንድ ዘዴ አለን። አባት ፈቃድ በመጣ ጊዜ መዳፉን በወፍራም ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ይሥለው፤ እናትም ታስቀምጠው። በየልደቱ ልጁ የራሱን መዳፍ በአባቱ መዳፍ ውስጥ አኑሮ በሌላ ቀለም ዙሪያውን ይሣል፣ ዓመቱም ይጻፍበት። አባት በግዳጅ ላይ ከሆነ ሥሎ በሚመጣ ሰው እጅ ይላከው። በስልክ የሚላክ ፎቶግራፍ ልኩን አይጠብቅምና ወረቀቱ ራሱ ቢመጣ ይመረጣል። ፎቶግራፍ ማንሣት ግድ ከሆነም ወረቀቱ ብቻ ይነሣ እንጂ ከኋላው ያለው ሰፈር አይታይ፤ ይህን ለወታደር ማስረዳት አያሻንም።

ይህ ግን በቤተሰብ መካከል፣ እንግዶች ሳይመጡ የሚደረግ ነው። በድግሱ ላይ «ሁላችሁም አባታችሁን ሣሉ» የሚል ትእዛዝ ፈጽሞ እንዳይሰጥ አጥብቀን እናሳስባለን። ከተጋባዦቹ መካከል አባቱ የት እንዳለ የማያውቅ ልጅ ይኖራል፤ አባቷ ዳግም የማይመለስላት ልጅም ትኖራለች። በደስታ ቀን በሰው ቤት ምንጣፍ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ፊቷ ሊቀርብ አይገባም። በራሷ ፈቃድ ከሣለችው ግን ማንም አያስቁማት፣ ማንም «ይህ ማነው?» ብሎ በሰው ፊት አይጠይቃት። እናት አጠገቧ ሄዳ ብትቀመጥ ይበቃል። ልጅቷ መናገር ከፈለገች ትናገራለች።

ስለ ምግቡ ብዙ አንልም። ኬክ ካልተቻለ አምባሻ አለ፤ አምባሻ ከመጋገሩ በፊት ፊቱ የሚጌጥ እንጀራ ስለሆነ ከዕለቱ ጋር ይስማማል። ሊጡ ተዳምጦ ሲያበቃ ባለልደቱ በቢላ ጀርባና በሹካ ጫፍ የፈለገውን ጌጥ ይሥልበት። ለሁሉም የሚስማማ፣ የማንንም ጾምና ሃይማኖት የማይነካ እንዲሆን ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ቢጋገር የሚቀርበት ነገር የለም።

ሽልማት የሚባለውን ነገር እኛ አንወደውም። አንደኛና ሁለተኛ የሚወጣበት ሥዕል ላይ ሦስተኛው ልጅ ቀለሙን ያስቀምጣል። የታላላቆች እጅም ከወረቀቱ ላይ ይነሣ፤ ፈረሱን ለማሳመር ሲሉ የልጁን እርሳስ የሚቀሙ አጎቶች በየቤቱ አሉ፣ እነርሱን ቡና ማቅረብ ያስታግሣቸዋል።

ሥዕሎቹ ሲያልቁ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለመለጠፍ ባይደከም ይሻላል፤ በባሕሩ እርጥበት ይላቀቃል። ሲባጎ ከምስማር ወደ ምስማር ተወጥሮ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቀሉ። እንግዶቹ ሲሄዱ እያንዳንዱ የራሱን ይውሰድ። የባለልደቱ ሥዕል ግን ከጀርባው ስሙ፣ ዕድሜውና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት፤ ሲታጠፍ በመታጠፊያው ይቀደዳልና ተጠቅልሎ በካርቶን ቱቦ ውስጥ ይግባ። ወደ አባቱ ሰፈር የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ድረስም ከቁምሣጥኑ በላይ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።