ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል ዓሣ የበላ ሰው ሒሳቡን በስልኩ ሲከፍል ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ገንዘባችንንም ጉዳያችንንም ለስልክ አደራ ሰጥተናል። ለመሆኑ ይህን አደራ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ከጠባቂዎቹ ዋነኛው በአንድ ቁልፍ የሚቆለፍና የሚከፈት ምስጠራ ነው። ነገሩ እንደ ቤት በር ነው፤ የቆለፈው ቁልፍ ራሱ ይከፍታል። በሲም ካርዳችን ውስጥ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር አለ፤ ግልባጩ በቴሌኮም ድርጅቱ ዘንድ ይገኛል። ቁጥሩ በአየር ላይ አይላክም። ስልኩና ድርጅቱ በየፊናቸው ከእሱ ጊዜያዊ ቁልፍ ያወጡና ከስልኩ እስከ ማማው ያለውን ንግግር ይቆልፉበታል።

የቁልፉ ርዝመት ወሳኝ ነው። በቁልፉ ላይ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ሰባሪው የሚሞክረው ግምት በእጥፍ ያድጋል። ዴስ የተባለው የቀድሞ ዘዴ 56 ቢት ብቻ ስለነበረው እ.ኤ.አ. በ1998 ሦስት ቀን ባልሞላ ጊዜ ተሰብሯል። ሁለት ቤልጂየማውያን የቀመሩት፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 መለኪያዋ ያደረገችው ኤኢኤስ ግን ከ128 እስከ 256 ቢት አለው። ይህን በግምት መክፈት ዛሬ ባሉት ኮምፒውተሮች የማይታሰብ ነው።

ታዲያ ስጋቱ ከወዴት ነው? በእኔ እምነት ከቁልፍ ያዡ ነው። ተራ ጥሪና አጭር መልዕክት ኔትወርኩ ውስጥ ሲገባ ምስጠራው ይፈታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ የጸጥታ አካላት ያለ በቂ የፍርድ ቤት ቁጥጥር የዜጎችን የጥሪ መዝገብና የተቀዳ ንግግር ያገኙ እንደነበር ገልጿል። በር ከፋች ካለ ቁልፍ መስበር ለምን ያስፈልጋል? የምንወደው ቴሌግራምም ቢሆን የተራ ውይይቶቹ ቁልፍ በኩባንያው እጅ ነው፤ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ ብቻ የሚቀረው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚለውን ስንመርጥ ነው።

ሕግ አልጠፋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ባለሥልጣኑ «መረጃችሁ ተመስጥሯል ወይ?» ብሎ መጠየቁ ብቻውን አይበቃም። ቁልፉን ማን እንደያዘው፣ ማን መቼ እንደከፈተበትና በየትኛው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። ቁልፉ ያለ ተጠያቂ ከተቀመጠ 256 ቢትም ከሌባ እንጂ ከባለ ቁልፉ አያድነንም።