«በሞቴ» ከማለታችሁ በፊት

በእኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ «አልበላም» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። «ምነው፣ ናቅሽን እንዴ?» ይባላል። ጉርሻው ተጠቅልሎ አፍ ድረስ ሲመጣ ደግሞ «በሞቴ» ይከተለዋል። እኔም ይችን «በሞቴ» ፈርቼ የመጀመሪያውን የግቢ ዓመት ራሴን እያሳመምኩ ጨረስኩት።

ሴሊያክ የሚባል በሽታ አለብኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ትንሹ አንጀቱን ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ የተበላው ምግብ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክሳትና ደም ማነስ ይከተላል። በሽታው አይተላለፍም። ሕክምናውም አንድ ነው፦ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ። እኔ በደም ምርመራና ከአንጀቴ በተወሰደ ናሙና እስኪታወቅልኝ ድረስ «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» እየተባለ ያልዋጥኩት ክኒን የለም።

አንዳንዱ «የፈረንጅ በሽታ» ይለዋል። እውነት ነው፣ ምክንያቱ የታወቀው በሆላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በጦርነቱ ምክንያት እዚያ ረሃብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ፣ ዊለም ዲከ የተባለ የሕፃናት ሐኪም እነዚህ ሕፃናት ሲሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ ሲታመሙ አየ። በሽታው ግን አገር አይመርጥም፤ ይኸው እኔ የደጋ ልጅ ነኝ።

«ታዲያ ጤፍ ግሉተን የለውም አይደል? እንጀራሽን ብዪ!» የሚለኝ ብዙ ነው። ልክ ነው፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ ለእኔ ጌታ የሰጠኝ ናቸው። ነገር ግን ጤፍ ሲወደድ እንጀራው ውስጥ ገብስ ወይም ስንዴ ሊገባ ይችላል። ወፍጮው ስንዴ ፈጭቶ ሳይጠረግ ሽሮዬን ሊፈጭ ይችላል። ቂጣ የተጋገረበት ምጣድ ላይ እንጀራዬ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የእኔ ጤና በእኔ ጥንቃቄ ብቻ አይጠበቅም፤ በጋጋሪዋ፣ በወፍጮ ቤቱና በአጉራሼ እጅ ነው ያለው። ለዚህ ነው ሴሊያክን ብቻውን የሚኖረው ሰው የሚሸነፈው የምለው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ዳቦ ሲታደል «አልራበኝም» እላለሁ። ማታ ዶርም ውስጥ በሶ ሲበጠበጥ ተኝቻለሁ። አንድ ቀን የዶርም ልጅ ከቤቷ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። «እማዬ የጋገረችው ነው፣ በሞቴ!» አለችኝ። በላሁ። በነጋታው የነበረብኝን ፈተና ግማሹን ሽንት ቤት አሳለፍኩት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ያን ቀን ማታ እያለቀስኩ ነገርኳት። ደነገጠች፣ ከዚያ «እና እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ቆሎ ሲገዛ ሽምብራ ነው፤ የገብሱ ለብቻው ይቀመጣል። የእኔን ሣህንና ማንኪያ ማንም ዳቦ አያስነካውም። እንጀራ የምትሸጥልን እትዬም ጉዳዩን ስትሰማ «ለአንቺማ ንጹሑን ጤፍ ለብቻው አወጣልሻለሁ፣ ልጄ» አለችኝ። ደም ማነሴ ተስተካክሏል፤ ክፍል ውስጥ ማንቀላፋትም ቀርቷል። ማንም ገንዘብ አላወጣልኝም፤ የተለወጠው ነገር ቢኖር ሰዎች መጠየቅ መጀመራቸው ነው።

በእኔ እምነት የግቢው ካፌ የዕለቱ ምግብ ከምን ዱቄት እንደተሠራ በአንዲት ወረቀት ቢለጥፍ ብዙ አይከብደውም። ለስኳር ሕመምተኛውም፣ ለአለርጂ ታማሚውም ይጠቅማል። እናንተም ወዳጃችሁ «አይስማማኝም» ሲላችሁ መናቅ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ዳይት ነው ብላችሁም አትሳቁ።

መምህሮቻችን ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት ብለን እንድንጠይቅ አስተምረውናል። ለዜና የምንጠይቀውን ለጓደኛችን ማዕድ ብንጠይቀው ምን አለበት? እኔ ጉርሻ አልጠላም፣ እንዲያውም እወዳለሁ። ብቻ ከ«በሞቴ» በፊት «ይስማማሻል?» በሉኝ፤ ከዚያ እጃችሁን አላሳፍርም።