ቤታችሁ ስር ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰው ቤት ወይም ቦታ ሲገዛ የሚጠይቀውን ሁላችንም እናውቃለን። ካርታ አለው ወይ? ስንት ካሬ ነው? አስፋልት ቅርብ ነው? መብራት ገብቷል? ደላላው ለዚህ ሁሉ መልስ አያጣም። «ከስሩስ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ካርታው ርዝመትና ስፋት እንጂ ጥልቀት አያሳይም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ የእኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጉድ ግን ከወደታች ነው።

አቋሜን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከቤታችን ስር ያለው ነገር እዚያው ስር ተቀምጦ አይቀርም። በጄሪካን ሆኖ ቤት ይገባል፣ በግድግዳ ስንጥቅ ይታያል፣ በልጆቻችን ጥርስ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ የጂኦግራፊ ትምህርት መጀመር ያለበት ከተማሪው ቤት ወለል ስር ነው።

ከሩቁ ልጀምር፤ ተማሪዎች የሚወዱት እሱን ነዋ። «ቲቸር፣ ከዚህ ቀጥ ብለን ብንቆፍር የት እንወጣለን?» ግማሹ አሜሪካ ይላል፣ ግማሹ ቻይና። ሁለቱም አይደሉም፤ እንደኛው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ናቸው፣ በመሐል የሚያልፍ ጉድጓድ ግን ደቡብ ነው የሚያወጣን። መተሐራን ውሰዱ። ሰሜን 8.9 ዲግሪ፣ ምሥራቅ 39.9 ዲግሪ ላይ ናት። ሰሜኑን ደቡብ አድርጉት፣ 39.9ን ከ180 ቀንሱና ምዕራብ በሉት፦ ደቡብ 8.9፣ ምዕራብ 140.1። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል፣ ከማርኬሳስ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ኑኩ ሂቫ አለችላችሁ። እሷም እንደ ፈንታሌ እሳተ ገሞራ የሠራት መሬት ናት። እኛ ቁርስ ስንበላ እነሱ እራት ላይ ናቸው። አዳማ ላይ ከቆፈራችሁ ግን ዋና መቻል አለባችሁ፤ የምትወጡት ባሕር ላይ ነው።

መንገዱ 12,742 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሶቪየቶች ኮላ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምረው በ1989 የደረሱት 12,262 ሜትር ድረስ ነው። ይኼ ሁሉ ተለፍቶ ከመንገዱ ከሺህ አንዱ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በታች ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ድረስ የጋለ አለት ነው፤ ከዚያ የቀለጠ ብረት፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጠጣር ብረት። የኮምፓስ መርፌ ሰሜንን የሚያሳየው ያ የቀለጠ ብረት ስለሚንቀሳቀስ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንጠጋ። ኮላ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ተቆፍሮ የተገኘው ሙቀት 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነበር። እኛ ዘንድ አሉቶ ላንጋኖ ላይ ለእንፋሎት ኃይል በተቆፈሩ ጉድጓዶች ግን ወደ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ከ300 ዲግሪ በላይ ተለክቷል። ልዩነቱን አያችሁት? እሳቱ ለእኛ ቅርብ ነው። ስምጥ ሸለቆው በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር እየሰፋ ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከኮንዶሚኒየም ሲያስወርድ፣ ከስር ቅልጥ አለት ስንጥቁን እየሰነጠቀ ይገባ ነበር። ያን ሰሞን ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተወራ። አሁን ተረስቷል። ብረት ቆጥቦ ፎቅ የሚያቆም ሰው ግን የሚሠራው እዚሁ መሬት ላይ ነው።

መንቀጥቀጡ ቢያንስ ይሰማል። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ የማይሰማው ነው፤ ውሃው።

የስምጥ ሸለቆ አለትና አመድ ፍሎራይድ አለበት። የከርሰ ምድር ውሃ እዚያ ውስጥ ለዓመታት እየሞቀ ሲቀመጥ ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። ካልሲየም ብዙ ቢኖረው ኖሮ የተወሰነውን ይዞ ያስቀረው ነበር፤ የእኛ ውሃ ግን ካልሲየሙ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ1 ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል። አንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከ10 በላይ አላቸው። አዳማ ከአዋሽ ወንዝ እያጣራች የምትጠጣውም ያለምክንያት አይደለም። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም፣ ቀለም የለውም።

ጉዳቱ የሚጀምረው በልጅነት ነው። እስከ 8 ዓመት ገደማ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ፍሎራይዱ ይገባበታል፤ ጥርሱ ሲወጣ በልዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በጥርስ ሳሙናም በመፋቂያም ቢታሽ አይለቅም። ሲብስ አጥንት ይነካል። ወንጂ የስኳር እርሻ ላይ ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ከኖሩ ሠራተኞች መካከል አከርካሪያቸውና መገጣጠሚያቸው ደርቆ መታጠፍ ያቃታቸው ነበሩ። ይሄ በሐኪሞች የተጠና ነው።

ክፍል ውስጥ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆች አሉኝ። መልሱን እያወቁ እጃቸውን የማያወጡ አሉ። የክፍል ጓደኛ ይቀልድባቸዋል፣ አንዳንዴ ትልቅ ሰውም «ጥርስህን አትፋቅም እንዴ?» ይላቸዋል። ኧረ በፈጣሪ! ልጁ ያደገው የተቀዳለትን ውሃ ጠጥቶ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን የወሰደው ሳቁን ራሱን ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ያው ልጅ ለፈተና የምድርን ንብርብሮች ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ይመጣል፤ ጥርሱ ለምን እንደበለዘ ግን የነገረው የለም። እንዲህ ያለ ትምህርት ምን ሊረባው?

ሌላው ጉዳይ ጎረቤት ነው። አንዱ ግቢ የውሃ ጉድጓድ፣ አጥሩን ተሻግሮ የሌላው ሽንት ቤት። ታችኛው ውሃ አጥር አያውቅም። አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የሀገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ጉድጓዱ የግልህ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ግን የሰፈሩ ነው። አንተ ያወረድከውን ጎረቤትህ ይቀዳዋል።

«እና ምን እናድርግ?» ለምትሉኝ፦

የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ፍሎራይዱን አስለኩ። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ ይበልጥ ይበዛል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። ከከሰለ የከብት አጥንት በተሠራ ማጣሪያ፣ ወይም በባለሙያ ልክ አሉምና ኖራ በመጨመር ይቀነሳል። በቆርቆሮ የሚወርድ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነው፤ በንጹሕ ዕቃ አጠራቅሙና ለመጠጥ አፍሉት። ሁሉንም ማድረግ ካልቻላችሁ ደህናውን ውሃ ለሕፃናቱ አስቀድሙ፤ ለልብስና ለወለል የቱም ይሆናል።

ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ፤ ሽንት ቤቱ በዳገቱ በኩል አይሁን።

የበለዘ ጥርስ ባለው ሰው አትሳቁ፤ ልጆቻችሁንም አስተምሩ።

ይሄን የምታነቡ የድሮ ተማሪዎቼ ጤና ጣቢያ፣ ውሃ ጽሕፈት ቤትና ግንባታ ላይ የገባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቤተ ሙከራው፣ መሣሪያው እናንተ እጅ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ለክታችሁ ውጤቱን በር ላይ ብትለጥፉ፣ እኔ በአንድ ሴሚስተር ከማስተምረው ይበልጣል።

እናንተ ሰፈር ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ከወንዝ፣ ከምንጭ ወይስ ከጉድጓድ? ተለክቶ ያውቃል? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማታውቁም ዛሬ ጠይቃችሁ ነገ ንገሩኝ።