«እናቱን ጣላት» የምንለው

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ወላጁን የአረጋውያን መኖሪያ ያስገባ ልጅ ፍርዱ አንድ ነው፤ «እናቱን ጣላት» ይባላል። ፍርዱ ከአክብሮት የመጣ ይመስላል፤ እኔ ግን አረጋውያኑን የሚጎዳው ራሱ ፍርዱ ነው ባይ ነኝ። ነገሩ ነውር ስለሆነ አስቀድሞ የሚያነሳው የለም። እናት ወድቀው ዳሌያቸው እስኪሰበር ይጠበቃል። ከዚያ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር የቤቶች ዝርዝር ሰጥታ «ቶሎ ወስኑ» ስትል፣ ምንም የማያውቁት ልጆች የእንግዳ መቀበያውን ሶፋና አበባ አይተው ይፈርማሉ።

የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር፣ አረጋውያን እየታገዙ የሚኖሩበትን የአሲስትድ ሊቪንግን የቤትና የምግብ ወጪ እንደማይከፍል ብዙዎች የሚሰሙት ያኔ ነው። በመደበኛው ሜዲኬር የሚሸፈነው ቢያንስ 3 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው በነርሲንግ ሆም የሚሰጥ እስከ 100 ቀን የሚደርስ ሕክምና ነው፤ ከ21ኛው ቀን ጀምሮም በየቀኑ መዋጮ አለው። የፌዴራሉ መንግሥት በኮከብ ደረጃ የሚያወጣውም ለነርሲንግ ሆሞች እንጂ ለአሲስትድ ሊቪንግ አይደለም፤ እነሱን የሚቆጣጠረው እያንዳንዱ ስቴት ነው። «በነጻ ቦታ እንፈልግላችኋለን» ከሚሉት ድርጅቶች ብዙዎቹ ደግሞ ኮሚሽናቸውን የሚቀበሉት ሰው ከሚልኩለት ቤት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ የጭንቅ ሳምንት አይጠናም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ቤቶች በብዙዎቹ የሌሊቱን ሥራ የተሸከሙት የእኛው እህቶች ናቸው። የሰው እናት ሲያገላብጡና ሲያጥቡ አድረው ጠዋት ወደ ሁለተኛ ሥራቸው ይሮጣሉ። የትኛው ቤት ሌሊት ለስንት ሰው አንድ ሠራተኛ እንደሚመድብ፣ ደወል ሲጫን በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ፣ ሠራተኛው ለምን እየለቀቀ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ከቅዳሴ በኋላ አብረውን ሻይ ሲጠጡ ማን ጠየቃቸው? መጠየቁ ራሱ «ልትጥላት ነው እንዴ?» ያሰኛላ!

እናቶቹም አይጠየቁም። የመርሳት በሽታ ሲጀምር፣ ካረጁ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል። አማርኛ የሚሰማ ሠራተኛ ከሌለ የት እንደሚያማቸው እንኳ መናገር አይችሉም። ዓርብ ቀን ወተት የገባበት ሾርባ ሲቀርብላቸው ጾማቸውን ያድራሉ፤ መዝገባቸው ላይ ግን «የምግብ ፍላጎት የላቸውም» ተብሎ ይጻፋል። በጤናቸው ጊዜ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚፈልጉ ራሳቸው በነገሩን ነበር።

«ልጅ እያለ?» ለሚሉኝ፦ ቤቱ መጦር የሚችል ይጡር፣ እሰየው። ልጅ ሁለት ሥራ ሲሮጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ብቻቸውን የሚቀመጡትን እናት ግን ተጦሩ አልልም። የየአጥቢያው ማኅበራት ለሐዘንና ለሠርግ የሚሰበስቡንን ያህል እነዚያን የሌሊት ሠራተኞች ይዘው ለዚህ ጉዳይ ይሰብስቡን። ውል ከመፈረሙ በፊትም «ገንዘባችን ሲያልቅ ለአነስተኛ ገቢ ሰው የሚከፍለውን ሜዲኬድ ትቀበላላችሁ ወይስ ታስወጧቸዋላችሁ?» ብለን መልሱን በጽሑፍ እንቀበል።