ካሜራ ልትገዙ ስትሄዱ ነጠላ ያዙ

ስለ ውድ ካሜራ የሚደረግ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከሜጋፒክስል አያልፍም። ቦሌ አካባቢ ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ብትገቡ ሻጩ ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ 61 ነው፤ ያኛው 24 ብቻ ነው» ይላችኋል። ሙያው ውስጥ ያለነውም ሻይ ላይ ስንገናኝ የምንከራከረው በዚሁ ቁጥር ነው። እኔ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ከ2 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ካሜራ ሲገዛ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ይህ ካሜራ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነጭ ሸማ ለብሶ የቆመን ጠይም ሰው እንዴት አድርጎ ያነሳዋል?

ቁጥሩን በአጭሩ ልጨርሰው። ኤ4 ገጽ ላይ ጥርት አድርጎ ለማተም 9 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ለኤ3 ደግሞ 18። ከ24 ወደ 45 ሜጋፒክስል መውጣት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ይመስላል፤ የፎቶው ወርድ ግን ከ6,000 ነጥብ ወደ 8,256 ገደማ ነው የሚያድገው። ቢልቦርድ ለሚሠራና ግድግዳ የሚያህል ኅትመት ለኤግዚቢሽን ለሚያዘጋጅ ልዩነቱ ትርጉም አለው። ለሠርግ፣ ለዜና፣ ለመጽሔት ግን 24 ከበቂ በላይ ነው፤ ትርፉ ሃርድ ዲስክ መሙላት ነው።

ወደ ሸማው ልመለስ። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የዋለ ፎቶ አንሺ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ነጩ ነጠላ የወረደበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል፤ ነጠላው ያጠላበት ፊት የሚመልሰው ጥቂቱን ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ደግሞ የተሠራው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ይሆናል በሚል ግምት ነው። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ ሲያገኘው ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ ፊቱም ጥላ ይሆናል። ፊቱን ለማዳን ብርሃን ከጨመራችሁ ደግሞ ሽመናው፣ እጥፋቱ፣ ጥልፉ ሁሉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይመስላል። እንዲህ የነጣ ነጭ ውስጥ ምንም መረጃ ስለሌለ በየትኛውም ኮምፒውተር አይመለስም። የመልስ ዕለት ሲሆን ይብሳል፤ ሙሽሪት ነጭ ጥበብ ለብሳ፣ በላዩ ላይ ወርቅ የተጠለፈበት ጥቁር ካባ ደርባ ትቆማለች። ካሜራው ከድፍን ነጭ እስከ ድፍን ጥቁር ያለውን ሁሉ በአንድ ፎቶ ውስጥ እንዲይዝ ይጠየቃል፤ ከሁለቱ መካከል ደግሞ ማንም የማይምረው የሙሽሪት ፊት አለ።

ውድ ካሜራ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑን ለነጠላው መጥኖ፣ ካሜራው ባላቀነባበረው (ራው) ፋይል አንስቶ፣ ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ከጨለማው ማውጣት ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ሴንሰሩ ጨለማው ውስጥ ንጹሕ መረጃ ካስቀመጠ ነው። ባለሙያዎች ዳይናሚክ ሬንጅ የሚሉት ይህንኑ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ብዙዎቻችንን ያስተማረው ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ካሜራ በሚፈትነው በዲኤክስኦማርክ መለኪያ 11.9 ስቶፕ ነበር። በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ800 14.4 ደረሰ። አንድ ስቶፕ እጥፍ ስለሆነ ልዩነቱ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። በፊተኛው ካሜራ ጥላ ውስጥ የቀረን ፊት ለማውጣት ስትሞክሩ ቀያይና አረንጓዴ ነቁጥ፣ አንዳንዴም መስመር ይዞ ይወጣል፤ በሁለተኛው ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይወጣል። ከዲ800 ወዲህ የመጡት ፉል ፍሬም ካሜራዎች በዚህ በኩል ያን ያህል አልራቁትም። ስለዚህ በአነስተኛ ገንዘብ የተገዛ፣ በደንብ የተያዘ አሮጌ ካሜራ ለጃንሜዳ ፀሐይ ከአንዳንድ አዲስ ካሜራ ሊሻል ይችላል የምለው በልምድም በቁጥርም ነው።

መሣሪያ ማንን አስቦ እንደተሠራ መጠየቅ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፎቶ የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የኮዳክ ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ትክክል ነው፤ አጠገቧ ጥቁር ሰው ቢቆምና ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር ባይታይ የሚጨነቅ አልነበረም። ፊልሙ ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ኮዳክን ከጎተጎቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አስተዋዋቂዎች ይገኙበታል፤ የሸቀጣቸው ቀለም አልለይ ስላላቸው። የፊልም ዳይሬክተሩ ዣን ሉክ ጎዳር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሞዛምቢክ ሄዶ ሲሠራ የኮዳክን ፊልም አልጠቀምም ያለው በዚሁ አድልዎ የተነሳ ነው። ዛሬ ሴንሰሩ ራሱ አድልዎ የለበትም፤ ግን ብርሃኑን የሚለካው፣ ቀለሙን የሚወስነው፣ ጄፔግ አድርጎ የሚያስረክበን ፕሮግራም በሰው ምርጫ የተሠራ ነው። በእኛ ፊት ላይ መፈተኑን የምናረጋግጠው ራሳችን ስንፈትነው ነው።

ሚረርለስ ካሜራ ይሻላል ወይስ መስታወት ያለው የሚለውን ክርክርም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ሚረርለሱ ቀላል ነው፣ ዓይን ፈልጎ ፎከስ ያደርጋል፤ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ብዙዎቹ ላይ ያለው ዜብራ ነው። የመነጣት አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ገና ሳታነሱ መመልከቻው ውስጥ ዝንጉርጉር መስመር ይታያል። መስመሩ ነጠላው ላይ ብቅ ሲል ብርሃኑን ቀነስ ታደርጋላችሁ፣ ሲጠፋ ታነሳላችሁ። አንድ ጉዳት አለው፦ ሌንስ ስትቀይሩ ብዙዎቹ ሴንሰራቸው ተራቁቶ ይቀራል። የጃንሜዳን አቧራ የሚያውቅ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር ሲጠፋ ሻተሩን መዝጋቱን ትልቅ ነገር አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ሌንስ ላይ ስንመጣ ሸማው ሱቅ ውስጥ ካለው መፈተኛ ሁሉ ይበልጣል። የነጠላውን ጠርዝ ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርጉና የሌንሱን አፐርቸር እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ደካማ ሌንስ ከሆነ ነጩ ከጥቁሩ በሚዋሰንበት ቦታ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ክር ይታያል፤ ሸማኔው ያልሠራው ጥለት ማለት ነው። ቀጥላችሁ ከጀርባ መስኮት ወይም ፀሐይ አድርጉና አንሱ። ብርጭቆው በቅጡ ያልተቀባ ሌንስ ብርሃኑን ውስጡ ያንከራትተውና ፎቶውን ሁሉ ጉም ያለብሰዋል፤ ጠይም ቆዳ ያኔ አመድማ ይሆናል። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ሌንስ ላይ የረከሰ ፊልተር ማሰርም ውጤቱ ይኸው ነው። ሦስተኛው ፈተና የሽመናው ነው። ጥርት ያለ ፎቶ እንዲሰጡ ተብሎ ሴንሰራቸው ላይ ያለው ማለስለሻ ፊልተር የተነሳላቸው ካሜራዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ኒኮን ዲ800ኢ ለምሳሌ ውጤቱን ሰርዞታል። እነዚህ ካሜራዎች ፈትሉ ቀጭን የሆነ ጨርቅ በተወሰነ ርቀት ሲያነሱ ጨርቁ ላይ ያልነበረ ባለቀለም ሞገድ ሊፈጥሩ ይችላሉ። መልክዓ ምድር ለሚያነሳ ሰው ይህ ምኑም አይደለም። የሐበሻ ልብስ ለሚያነሳ ሰው ግን ሙሉ ቀን የሚፈጅ የኮምፒውተር ሥራ ነው።

ብርሃናችን ፀሐይ ብቻ አይደለም። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ላሊበላ ውቅሮቹ ውስጥ፣ ወይም ንፍሮው በሚበላበት ድንኳን ውስጥ ፍላሽ ማብረቅ ነውር ነው፤ ብዙ ቦታም አይፈቀድም። ጧፍ ብቻ በሚበራበት ቦታ ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ ከኤፍ 2.8ቱ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ አንዱ አይኤስኦ 12,800 በሚፈልግበት ቦታ ሌላው በ3,200 ይሠራል። ይህን ለማግኘት የሚወጣ ገንዘብ አይቆጨኝም። ግን ዋጋ አለው፦ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4 ከ2 ሜትር ርቀት ሲነሳ ጥርት የሚለው ክፍል ጥልቀት ከ5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። እናት ሙሽሪትን ጉንጭ ለጉንጭ ስትስም አንዷ ትጠራለች፣ ሌላዋ ትደበዝዛለች። ብዙ ወጣቶች ኤፍ 1.4 ገዝተናል ብለው ቀኑን ሙሉ በኤፍ 1.4 ያነሳሉ፤ አልበሙ ላይ ግማሹ ዘመድ የለም።

ጨለማን የማይፈራ ካሜራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ የተባለው የያሱዮሺ ቺባ ፎቶ የተነሳው ጎረቤታችን ካርቱም ውስጥ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት አንድ ወጣት ግጥም ያነባል፤ ዙሪያውን የከበቡት ሰዎች በሞባይላቸው ያበሩለታል። ሌላ ብርሃን የለም። በዚያው ዓመት ለዚሁ ሽልማት ከታጩት ስድስት ፎቶዎች አንዱ የእኛው ሙሉጌታ አየነ በኢቲ 302 አውሮፕላን አደጋ ሥፍራ ያነሳት፣ ዘመዷን ያጣች ሴት ፎቶ ነበር።

የሠርግ አዳራሽ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ከአሜሪካ የሚመጣ ምክር ሁሉ ግን በ60 ኸርዝ የተጻፈ ነው፤ 1/60 እና 1/125 ይላል። እዚህ 1/50 ወይም 1/100 ያዙ። የካሜራውን ድምፅ አልባ ሻተር ከከፈታችሁማ በኤልኢዲ የደመቀው መድረክ ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ፤ መስመር በመስመር የሚያነብ ሴንሰር ያለው ካሜራ ሁሉ በዚህ ይታማል። ሶኒ ኤ9 3 ሁሉንም በአንዴ ስለሚያነብ መስመሩን አያስገባም፤ ሲወጣ የአካሉ ብቻ ዋጋ 6 ሺህ ዶላር ነበር።

«ስልክ ይበቃል» የሚሉኝ አሉ፤ እከራከራቸዋለሁ እንጂ አልንቃቸውም። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን መንገደኞች በስልኩ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ሽልማት ወስዷል። እሱ ግን ብርሃኑንም ሰዓቱንም ራሱ መረጠ። የሠርግና የዜና ፎቶ አንሺ አይመርጥም፤ ጧፍ ከሆነ ጧፍ ነው፣ ስድስት ሰዓት ከሆነ ስድስት ሰዓት ነው። ምሽት ላይም ቢሆን ከምድር ወገብ ብዙ ስላልራቅን ፀሐይዋ ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ አውሮፓ ውስጥ ረጅም የሆነው ያ የሚያምር ወርቃማ ብርሃን እዚህ ዘመዶችን ሰብስቦ ሳይጨርሱ ያልቃል።

ገንዘብን በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው፦ በቅድሚያ ሌንስ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያኔ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ 2 ሺህ ዶላር የነበረ ካሜራ በብር ሲሰላ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ በየሁለት ዓመቱ ካሜራ መቀየር ሙያውን ማክሰር ነው። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው ኢኤፍ ሌንስ ዛሬም በአዳፕተር አዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ይሠራል፤ ጥሩ ሌንስ በርካታ ካሜራዎችን ይሸኛል። ከዋሽንግተን ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄዶ የዘመድ አዝማዱን ነጠላ ያንሳበት። ፋይሎቹን ተቀብላችሁ እዩ፤ እንከን ካለው እዚያው ሱቁ ይመለሳል። አንዴ ቦሌ ከገባ በኋላ መመለሻ የለውም።

የሚያንገበግበኝ ግን ከካሜራው በኋላ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ሴንሰርና ሌንስ ጠይምነቷን እንዳለ ያስረከባትን ሙሽራ ኤዲተሩ ኮምፒውተር ላይ ያነጣታል። ፊቷ የሌላ ሰው፣ አንገቷና እጇ የራሷ ሆኖ አልበሙ ይታሰራል፤ ልጆቿም እናታችን ይህች ነበረች ብለው ያድጋሉ። ቤተሰቡ ወዶ ነው የሚል መልስ እሰማለሁ። አንዳንዱ ይወድ ይሆናል፤ አብዛኛው ግን ሌላ አማራጭ ታይቶለት አያውቅም። ሠርግ የደገሳችሁ ሁሉ ስለ ካሜራው ስም አትጠይቁ። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ፎቶ አንሺውን በመልስ ልብስ ያነሳትን የአንዲት ጠይም ሙሽራ ፎቶ፣ ኤዲተር ሳይነካው፣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።