የግልገል ዕድል ከመወለዱ በፊት ይወሰናል



እንደሚታወቀው በቦዲቲና በዙሪያዋ ሰፊ መሬት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ላም ለመግዛት አቅም ያጣው፣ ቢገዛም ሣር ከየት እንደሚያመጣላት የሚጨነቀው ግን ብዙ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ሦስት ፍየል ከእንሰቱ አጠገብ አስሮ ማርባት የብዙ ቤት መደጎሚያ ሆኗል። የልጅ ደብተር የሚገዛው፣ የታመመ የሚታከመው፣ የዕድር መዋጮ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው። ስለዚህ ስለ ፍየል መነጋገር ስለ ጓዳችን መነጋገር ነው።

ታዲያ ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር በየግቢው አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። «ፍየሌ መንታ ወልዳልኝ ነበር፤ አንዱም አልተረፈ» ይባላል። ጎረቤትም ያጽናናል፤ «ምን ይደረግ፣ ዕድል ነው» ተብሎ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን «ዕድል ነው» የሚለውን አነጋገር መቃወም ነው። በእኔ እምነት ከግልገሎቻችን ብዙዎቹ የሚጠፉት እኛ መሰናዶውን የምንጀምረው በምጡ ቀን ስለሆነ ነው። መሰናዶው ግን መጀመር የነበረበት ከአምስት ወር በፊት ነው።

አምስት ወር ያልኩት በግምት አይደለም። ፍየል የምታረግዘው ለ150 ቀን ያህል ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መሐል እስካልገባች ድረስ የተጠቃችበትን ቀን ይዞ አምስት ወር መቁጠር ብቻ ነው። የካቲት 15 የተጠቃች ፍየል ሐምሌ 15 አካባቢ ትወልዳለች፤ ይኸውም ዝናቡ በጠናበት፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት፣ ብርዱ በከፋበት ሰዓት ነው። እርጥብ መሬት ላይ የወደቀ ግልገል በሳምባ ምች ቢያልቅ ምን ይገርማል? ኅዳር 15 የተጠቃች ግን ሚያዝያ 15 አካባቢ ትወልዳለች። የበልጉ ዝናብ ቅጠሉን ያለመልማል፣ እናቲቱ ወተት ታገኛለች፣ ግልገሉም ሐምሌ ሲገባ ሦስት ወር ሊሞላው ተቃርቦ ብርዱን የሚችል ይሆናል።

«ፍየል መቼ እንደምትደራ እኔ ምን አውቃለሁ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የእኛ አገር ፍየል ዓመቱን ሙሉ ትደራለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ወጠጤ ከእናቱ ጋር አንድ ጉረኖ እያደረ፣ ገና በአራትና በአምስት ወሩ ማስረገዝ ይጀምራል። ቀኑን እኛ ካልወሰንን እሱ ይወስንልናል። ለዚህም መፍትሔው ለዘር የማይፈለገውን ወጠጤ በጊዜ በእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀጥቅጦ ሙክት ማድረግ፣ ለዘር የተመረጠውን አውራ ደግሞ ለብቻው ማሰር ነው። ፍየል ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ትደራለችና፣ አውራው ከኅዳር መባቻ ጀምሮ ለ45 ቀን ያህል ከሴቶቹ ጋር ቢውል ሁለት ዙር ያገኛቸዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር መኖ ነው። ጽንሱ በአብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻው ሁለት ወር ውስጥ ነው። እኛ ግን ያኔም እያለብናት፣ ያኔም ያንኑ ደረቅ ሣር እየሰጠናት፣ «ሆዷ ሰፋ፣ ጠገበች» እንላለን። የሰፋው በጥጋብ አይደለም፤ በልጅ ነው። ሊወልዱ ሁለት ወር ሲቀራቸው ማለብ ማቆም ይገባል። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የቦሎቄ ገለባ፣ በአጥር ላይ ያለ የኮርች ቅጠል፣ በእርከን ላይ የተተከለ ደሾ ሣር፣ ይህ ሁሉ በእጃችን ያለ መኖ ነው። ከተገኘም ሁለት ሦስት እፍኝ ፉሩሽካ ይጨመርላት፤ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመር እንጂ በአንድ ቀን አይብዛ፤ ሆዷን ይነፋታልና። ጨው ወይም ቦሌ፣ ንጹሕ ውሃም አይለያት። በልጉ የዘገየ እንደሆነ የሚያድነን ዛሬ ደርቆ ቆጥ ላይ የተሰቀለው ሐረግና ገለባ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ጉዳይ አለ። በእኛ በወላይታ የራሱ ፍየል የሌለው ሰው የሌላውን በሀራ ያረባል፤ ወይም በኮታ ከሌላው ጋር በጋራ ይይዛል። ይህ አባቶቻችን ያቆዩልን መልካም ሥርዓት ነው፤ ስንቱን ቤት ከባዶነት አውጥቷል። ነገር ግን መሰናዶውን ማን ይሸከም? አርቢዋ እናት ሣሩን አጭዳ፣ ጨዉን ገዝታ፣ ሌሊት ተነሥታ ስትጠብቅ ባለቤቱ ብቅ የሚለው ግልገል ሲከፋፈል ነው። ይባስ ብሎ ጊፋታ ሲደርስ የቅርጫ ገንዘብ ያጠረው ባለቤት እርጉዟን ፍየል ገበያ ያወጣታል። የአርቢዋ የአምስት ወር ድካም እንዲያው ሜዳ ላይ ቀረ ማለት አይደለም? ሀራ የሰጠ ሰው የጨዉንና የመድኃኒቱን ወጪ መካፈል አለበት። ያረገዘችውንም ያለ አርቢዋ ስምምነት አይሽጥ። ገንዘብ ለቸገረው ሙክት አለለት፤ እናቲቱን መሸጥ የሚመጣውን ዓመት መሸጥ ነው።

ስለ ምጡ ቀን ዋና ዋናውን ልበል። ማደሪያው አስቀድሞ ይጠረግ፤ ደረቅ ገለባ ይነጠፍበት። እያማጠች አንድ ሰዓት አልፎ ምንም ካልታየ ባለሙያ ይጠራ እንጂ እንዲሁ አይጎተት። ግልገሉ ሲወርድ አፍና አፍንጫው ይጠረግ፣ እትብቱ በአዮዲን ይነከር። እንገሩን በመጀመሪያዋ ሰዓት ይጥባ። እንገር የግልገል የመጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ አልቦ መጣል ወይም ለሌላ ማድረግ ግልገሉን ራቁቱን ከበሽታ ጋር ማጋፈጥ ነው። የእንግዴ ልጁን ውሻ ሳያገኘው መቅበር ይገባል። ፍየል ያስወረደች እንደሆነ ደግሞ በባዶ እጅ አይነካ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አትቅረበው፤ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና። ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ።

የመድኃኒት ነገርም ጥንቃቄ ይሻል። ከገበያ የሚገዛው አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት በእርግዝና የመጀመሪያው ወር ከተሰጠ ጽንሱን ይጎዳል። ስለዚህ አውራው ከመቀላቀሉ በፊት ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይሰጥ። ክትባት ደግሞ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በግና ፍየልን የሚፈጀው፣ ፒፒአር የሚባለው ደስታ መሰል በሽታ በአገራችን መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1991 ተረጋግጧል። በክፉ ቀን ጊዜ የአያቶቻችንን ከብት የጨረሰው የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የጠፋውም እያንዳንዱ አገር፣ እያንዳንዱ መንደር አብሮ ስለ ከተበ ነው። ፒፒአርንም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ዓለም ዐቅዷል፤ ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይመረታል። የእኔ ተከትቦ የጎረቤቴ ካልተከተበ ግን በሽታው ከመንደራችን አይወጣም።

አንዳንዶች «የሚያስፈልገን የፈረንጅ ዝርያ ነው፤ የሐበሻ ፍየል ምን ትረባለች?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት አንግሎ ኑቢያን የሚባሉ ፍየሎችን አምጥቶ ከሶማሌ ፍየል ጋር እያዳቀለ ለድሃ እናቶች ማዳረስ ጀመረ። በምሥራቅ ሐረርጌ የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመውን ጥናት ያየ ሰው አንድ ነገር ይማራል፤ አያያዙ ሲሻሻል ቤተ ሰቡ የሚያገኘው ጥቅም አድጓል፤ ድቅሎቹ ግን በዚያው አያያዝ ካሉት ከአገሩ ፍየሎች የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ከማለት በእጃችን ያለችውን ማሰናዳት ይቀድማል።

«ድሃ ነኝ፣ ለልጄ ያጣሁትን ለፍየል ከየት አመጣለሁ?» የሚለው አቤቱታ ግን ከባድ ነው፤ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ይሁን እንጂ ከላይ ከተነገረው አብዛኛው ገንዘብ ሳይሆን ቀን መቁጠርንና መተባበርን የሚጠይቅ ነው። ለብቻ የሚከብደው በጋራ ይቀላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ማኅበራችን እንዲነጋገርበት ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ በየመንደሩ የተቀራረቡ ቤቶች አንድ የተመረጠ አውራ ፍየል በጋራ ይያዙ፤ የቀሩት ወጠጤዎች ይቀጥቀጡ። አውራውም ልጆቹን እንዳያጠቃ በየሁለት ዓመቱ ከሌላ መንደር ጋር ይለዋወጥ።

2ኛ፦ የሀራና የኮታ ስምምነት ሲደረግ የመኖና የመድኃኒት ወጪ፣ እንዲሁም የእርጉዝ ፍየል ሽያጭ ጉዳይ በሽማግሌ ፊት አስቀድሞ ይነገር።

3ኛ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተጠይቆ የመንደሩ በግና ፍየል ሁሉ በአንድ ቀን ይከተብ።

ፍየል ይዞ የጎረቤትን የቡና ችግኝ ማስበላት ያጣላል፤ የፍየል አውራና የክትባት ቀን መጋራት ግን ያፋቅራል። ኅዳር ሳይገባ ከተነጋገርን በሚያዝያ የምንቆጥረው ሬሳ ሳይሆን ግልገል ይሆናል።

ቸር ያሰማን።

ከነዋሪዎች አንዱ