የራንች አጥርና የችካል መትከያ መሣሪያ ምርጫ

የከብት ርቢ ሥራ በሰፋ መጠን የአጥር ዕቃ ንግድም አብሮ መስፋፋቱ የታወቀ ነው። በስምጥ ሸለቆ በአበርኖሳ፣ በቦረናም በዲድ ቱዩራ ራንቾች ከተቋቋሙ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በአዳማ አካባቢም የቦረናን ኮርማ አድልበው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ። የታመመውን ከብት ከጤነኛው ለመለየት፣ ግጦሹን በየክፍሉ ለማፈራረቅ፣ መንጋውም ከሰው እርሻ ገብቶ ጠብ እንዳያስነሣ ለመከልከል ጠንካራ አጥር ያስፈልጋል። አጥርም የሚጸናው በሽቦው ብቻ ሳይሆን በችካሉ አተካከል ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ችካል መትከያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካውን ሥዕላዊ መግለጫ ዘርግቶ ከሁሉ ግዙፍና ውድ የሆነውን መኪና ይመርጣል። መኪናው ትልቅ ከሆነ ትርፉም ትልቅ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን የዚህ ዕቃ ምርጫ መጀመር ያለበት ከመግለጫው ሳይሆን ከደንበኛው መሬት ነው። ሻጩ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ይኸውም ችካሉ ምን ዓይነት ነው? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? የሚተከለውስ ስንት ነው?

ስለ ችካሉ ዓይነት፤ ቀጭን የብረት ችካልና አንግል ብረት በእጅ መምቻ በቀላሉ ይገባሉ። ወፍራም የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ግን ከባድ መዶሻ ያለው መኪና ወይም ጉድጓድ መቆፈሪያ ይፈልጋል። የኮንክሪት ችካል ደግሞ ሲመቱት ስለሚሰነጠቅ በተቆፈረ ጉድጓድ ብቻ የሚቆም ነው። እንደ ምዕራብ ወለጋ ምስጥ በሚበዛበት አገር ያልታከመ ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚበላ፣ ጥድ ወይም ብረት ይመረጣል፤ መሣሪያውም ይህንኑ ተከትሎ ይለወጣል።

ስለ አፈሩ፤ ተመትቶ የገባ ችካል ዙሪያውን ያለውን አፈር ጨምቆ ስለሚገባ ወዲያውኑ ይጸናል። በጉድጓድ የቆመው ግን አፈሩ ተመልሶ በደንብ ካልተጠቀጠቀ መወዝወዙ አይቀርም። ስለዚህ መሬቱ የሚፈቅድ ሲሆን መምታት ከመቆፈር ይሻላል። ዋልካ መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋም ይሰነጠቃል፤ በዚህ ጊዜ ጥልቀቱን ያላገኘ ችካል ይላላል። ከችካሉ ቁመት ሲሦ ያህሉ ከመሬት በታች ይሁን የሚለው ልማድ በዚህ ረገድ ጠቃሚ ነው። ድንጋያማ በሆነው ሥፍራ ግን አስቀድሞ ካልተሰረሰረ በቀር ማናቸውም መምቻ ችካሉን ከማጣመም በቀር አይረዳም።

ስለ ብዛቱ፤ ዙሪያው 10 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ ማለት አራት ማዕዘኑ እኩል ከሆነ 625 ሄክታር ስፋት ያለው ራንች፣ በየ4 ሜትሩ ችካል ቢቆምለት 2,500 ችካል ይበቃዋል። ሁለት ሠራተኞች በእጅ መምቻ በቀን 50 ይተክላሉ ብንል፣ አምስት ጥንድ ሠራተኞች በ10 ቀን ይጨርሱታል። ለዚህ ያህል ሥራ ሲባል በትራክተር የሚሠራ የሃይድሮሊክ መዶሻ መግዛት፣ ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናውን ለዝገት መተው ይሆናል። ችካሉ ወፍራም፣ መሬቱ ጠንካራ፣ ሥራውም ከዓመት ዓመት የማያቋርጥ ሲሆን ግን መኪናው ዋጋውን ይመልሳል። ያን ጊዜም የደንበኛው ትራክተር የፈረስ ጉልበቱና የዘይት ግፊቱ ለመኪናው የሚበቃ መሆኑ ከሽያጭ በፊት ይረጋገጥ።

ከዚህ ሌላ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው እጅግ ከፍ ብሏል። የእጅ መምቻ ማለት አንድ ጫፉ በወፍራም ብረት የተደፈነና ሁለት እጀታ የተበየደበት የብረት ቱቦ ነው። ይህንን በመርካቶም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የብየዳ ሠራተኞች ያለ ችግር ሊሠሩት ሲችሉ፣ በዶላር ገዝቶ ማስመጣት ገንዘብን ማባከን ነው። ዶላሩ ለሃይድሮሊክ ቱቦ፣ ለጎሚኒ፣ ለሞተር መለዋወጫና በአገር ውስጥ ለማይሠራው ሁሉ ቢውል ይሻላል። መለዋወጫ የሌለው መኪና «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው።

«ትልቁን መኪና ካልሸጥን ትርፉ ከየት ይመጣል?» የሚል ነጋዴ ይኖር ይሆናል። መልሱ ኪራይ ነው። አንድ ነጋዴ አንድ መኪና ከነባለሙያው አዘጋጅቶ ለተለያዩ ራንቾች በየተራ ቢያከራይ፣ ደንበኞቹ ከማይችሉት ወጪ ይድናሉ፤ እርሱም ከመኪናው በየጊዜው ገቢ ያገኛል። አጥር የሚያጥረው ሰው ሽቦውንም፣ ምስማሩንም፣ የበሩን ማጠፊያም ከዚያው ሱቅ መግዛቱ አይቀርም።

በመጨረሻም ሻጩ የመሣሪያውን አደጋ ሳይሸሽግ ለገዢው ያስረዳ። የእጅ መምቻ ከችካሉ ራስ በላይ ከፍ ብሎ ከወጣ ተመልሶ የሠራተኛውን ራስ ሊመታ ይችላል። በትራክተር መዶሻ ሥር ችካሉን በእጅ ይዞ ማቆም እጅን ያሳጣል። የራስ ቆብ፣ ጓንትና የጆሮ መከላከያ ከመሣሪያው ጋር አብረው ሊሸጡ ይገባል።

ለአነስተኛው ራንች የአገር ውስጥ የእጅ መምቻ፣ ለከባዱ ሥራ የኪራይ መኪና፣ ለመኪናውም በቂ መለዋወጫ ማዘጋጀት ለነጋዴውም ለአርቢውም የሚበጅ ነው። ለደንበኛው የማይስማማውን ዕቃ የሸጠ ነጋዴ የአንድ ቀን ትርፍ ያገኛል፤ የሚስማማውን የመረጠለት ግን ደንበኛውን ለዘለቄታው ያቆያል።